የሶሌኖቮ ጨው ሐይቅና የባይ ስታማት ድምፅ

ሰው ጥቁር ጭቃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሹመቱ ከሱሪው ጋር አጥር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ባይ ስታማት ይህን ቀደም ብለው ቢያስቡበት ኖሮ ያን ዕለት አፋቸውን ይለጉሙ ነበር።

ባይ ስታማት (በሶሌኖቮ «ባይ» ጋሼ እንደ ማለት ነው) የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ናቸው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስለሚያሠቃያቸው በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደ ጨው ሐይቁ ይወርዱና እንደ አገሬው ሁሉ ጥቁሩን ጭቃ እየዘገኑ ከግንባር እስከ ቁርጭምጭሚት ይለቀለቃሉ። ከዚያ በኋላ ጭቃው ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ክንድን ከጎን አራርቆ መቆም ነው። መቀመጥ አይሆንም፤ መሄድም አይሆንም፤ የሚሆነው ማውራት ብቻ ነው። የሶሌኖቮ ሰው ወሬኛ ነው የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ይመስላል።

ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እንዲሁ ክንዳቸውን ዘርግተው እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆመው ሳለ፣ አንዲት ሴት መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ተለቅልቃ ጨርሳለች፤ ከዓይኗና ከጥርሷ በቀር የሚታይ ነገር የላትም።

«እንደምን አደሩ፣ አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ጉልበት ነው ወይስ ወገብ?»

«ትከሻ ነው። ጣውላ ስሸከም ያዘኝ።»

«ጣውላ! ባል የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። እሱ ምስማር ይመታል።»

ባይ ስታማት በሆዳቸው «የዘመኑ ትዳር» አሉና አፍንጫቸውን ነፉ። «ሽታውን ቻይው እንግዲህ። ለነገሩ ነገ እንገላግላችኋለን።»

«ከምን?»

«ከረግረጉ ነዋ! በሰሜን በኩል ያለው በሙሉ፣ ወደ ባሕሩ የሚወስደው ቦይ ሳይቀር፣ በአፈር ይደፈንና አፓርታማ ይሠራበታል። ምክር ቤቱ አምስት ለአምስት ተፋጧል። የመጨረሻው ድምፅ የኔ ነው።»

«ሐይቁ ምን በደለዎት፣ አባት?»

«ምን ያልበደለኝ አለ? ትንኙ! ሽታው! ደግሞ አንዲት መምህርት ከቡርጋስ ከተማ መጥታለች አሉ፤ ሕፃናቱን እንደ ዳክዬ ደርድራ ረግረግ ውስጥ ትነዳቸዋለች። ወለል ያለው ትምህርት ቤት ሠርተን ሰጥተናት! ባለፈው ስብሰባ ‹የእንቁራሪት መምህርት› ብያት አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።»

«እሷስ ምን አለች?»

«አልነበረችም። ብትኖርማ አልልም፤ ባለጌ አይደለሁም።»

በሴትዮዋ ከንፈር ዙሪያ ጭቃው ተሰነጠቀ። ስቃ ይሁን ደርቆ አልተለየም።

«አባት፣ ቅር ካላለዎት፣ ያቺ መምህርት እዚህ ብትኖር ምን እንደምትል ልገምት?»

«ገምቺ። ጀርባዬ እንደሆን ገና አልደረቀም።»

እንግዲህ ሰው ሊሄድ በማይችልበት ቦታ ምክር ሲያገኘው መስማቱ የግድ ነው። ብዙ ምክር ከንቱ የሚቀረው ሰሚው ጫማ አድርጎ ስለሚቀመጥ ነው።

«ስለ ትንኙ ልጀምር» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ ያለ የከረረ ጨው ለትንኝ አይስማማውም፤ ጨው የሌለበትን የቆመ ውሃ ነው የሚወደው። ጓሮዎ ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ?»

«ለቲማቲሙ አለ።»

«ክዳን አለው?»

ባይ ስታማት ክዳኑን ለዶሮዎቹ ጥላ አድርገውታል።

«ሽታውን ደግሞ አሁን ለብሰውታል። ይህ ጭቃ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ከታች። ጭቃ ከየት ሊመጣ ነው፣ ከዋና ከተማው ከሶፊያ?»

«ከታች ነው፤ ልክ ነዎት። በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትና ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቃቅን ቀያይ እንስሳት ሲሞቱ ከጨዋማው ውሃ ሥር ይዘቅጣሉ። ለዘመናት እዚያ ሲብላሉ ነው ጭቃው እንዲህ የሚጠቁረውና መድኃኒት የሚሆነው። ሐይቁ በፀሐዩ እንዳይደርቅ ባሕሩ በዚያ ቦይ በኩል እየገባ ያጠጣዋል። ቦዩ ተደፈነ ማለት ሐይቁ ጉሮሮው ተያዘ ማለት ነው፤ ሽሪምፑን የሚለቅመው ወፍም በርሮ ይሄዳል። ነገ እጅዎን ሲያነሡ፣ አባት፣ የሚደፍኑት የጉልበትዎን ሐኪም ነው።»

«ጉልበቴን ፖለቲካ ውስጥ አታግቢብኝ!»

«እኔ አላገባሁትም፤ ራሱ እዚህ ድረስ ይዞዎት መጣ።»

ባይ ስታማት ሊስቁ ዳድቷቸው ነበር፤ ነገር ግን የፊታቸው ጭቃ ስለ ጠነከረ ሳይስቁ ቀሩ።

ሴትዮዋ ቀጠለች። «ባሕሩ መንገዱን ጥሶ የገባበትን የዚያን ክረምት ማዕበል ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ! በቦቲ ጫማ ቆሜ አድሬያለሁ። ውሃው የታችኛውን ሰፈር ይዞ ይሄዳል ስንል መንገዱን ተሻግሮ ረግረጉ ውስጥ ተኛ። አንድ ቤት አልፈረሰም። በማግስቱ ለቅዱስ ኒኮላ የክንድ ቁመት የሚያህል ሻማ አበራን።»

«ደግ አደረጋችሁ። ሐይቁን ግን ማንም አላመሰገነም። ያ ሁሉ ውሃ የተኛበት አልጋ ነው ነገ በአፈር የሚሞላው። ውሃው እንደሆነ አንድ ቀን እንደገና ይመጣል፤ አልጋው ሰው ከተኛበት የት ይተኛል?»

ይህ ነገር ባይ ስታማትን ነካቸው። ሽማግሌ ግን ሲነካ አይቀበልም፤ ድምፁን ነው ከፍ የሚያደርገው።

«እሺ! ሐይቁ ደግ ነው! ሐይቁ ጻድቅ ነው! እኔ ግን ልጅ አለችኝ። ኔዳ ከነባሏ ከነሕፃኗ የምትኖረው ጓሮዬ ባለችው የበጋ ማእድ ቤት ውስጥ ነው። ምድጃውን አውጥተን አልጋ አስገባንላት። ባሏ ጀርመን ሥራ አግኝቷል፤ ‹እስከ ገና ቤት ካላገኘን እንሄዳለን› ብለውኛል። ሚስቴን ቀብሬአለሁ፤ ያለችኝ እሷ ናት። አንቺ ስለ ወፍ ታወሪኛለሽ፤ እኔ የምፈራው የኔዋ ወፍ እንዳትበር ነው!»

በሐይቁ ዳር የቆሙት ጥቁር ሰዎች ሁሉ ዘወር አሉ። የሴትዮዋ ድምፅ ቀድሞ የነበረውን ጨዋታ ትቶ ነበር።

«ይህን አላወቅሁም፣ አባት። እውነትም ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። እንግዲያው ስለ ወፉ ተውኩት፤ ስለ ኔዳ ብቻ እንነጋገር። ሠሪው ቻካሎቭ አይደለም? ከዚህ በፊት ባሕሩ ዳር የሠራቸውን ሕንፃዎች ያውቋቸዋል?»

«በደንብ አውቃቸዋለሁ። ካርታ ተጫውቼ ስመለስ መንገዴ ናቸው።»

«በጥር ወር ማታ ሲያልፉ ስንት መስኮት ይበራል?»

ባይ ስታማት ያን ጨለማ ሕንፃ፣ ያን በነፋስ የሚንኳኳ የሰገነት በር በሐሳባቸው አዩት። ስንት ጊዜ አልፈውበታል፤ ቆጥረውት ግን አያውቁም።

«አንድ» አሉ በመጨረሻ። «የዘበኛው።»

«ሌላው የማን ነው?»

«በበጋ ለሁለት ሳምንት የሚመጡ ሰዎች ነው።… ግን እኮ ቻካሎቭ ለአገሬው ልጆች ቅናሽ አለ ብሎኛል።»

«የት ተጽፎ?»

«በቃሉ። ራኪያ ስንጠጣ።»

«ራኪያው ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር» አሉ ባይ ስታማት በሐዘን።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸውን፣ ሰፈራቸውንና ልጃቸውን በአንድ ብርጭቆ ሊያወራርዱ ምን ቀርቷቸው ነበር?

«ታዲያ ልጄ የት ትኑር?» ሲሉ ጠየቁ። ይህን ያሉት ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ ነበር።

«ከባቡር ጣቢያው በላይ ያለው የተዘጋው የዓሣ ፋብሪካ የማን ነው?»

«የከተማው። ርግብ ነው የሚኖርበት።»

«ከፍታ ላይ ነው፤ ማዕበል አይደርስበትም። የውሃ መስመር አለው፤ ፍሳሽ አለው፤ አውቶቡስ በሩ ላይ ይቆማል። የሠራተኞቹ ማደሪያ ጣራው ገና ደህና ነው። ከተማው ራሱ ቢያድሰውና ዓመቱን ሙሉ እዚህ ለሚኖር ሰው ቢያከራይ፣ ጥርም ይሁን ሐምሌ መስኮቱ ይበራል።»

«ባሕሩ አይታይም እኮ።»

«ኔዳ ባሕር አይታ አታውቅም?»

ጭቃው ደረቀ። ሁለቱም ወደ ባሕሩ ወርደው ታጠቡ። ባይ ስታማት ፎጣቸውን አገልድመው ሲመለሱ ሴትዮዋ ፀጉሯን እየጨመቀች ነበር፤ ከጭቃው ሥር ጠይም ጠቃጠቆ ያለበት የወጣት ፊት ወጥቷል።

«ስምሽን ሳልጠይቅሽ፣ ልጄ።»

«ዝላቲና። የእንቁራሪት መምህርት።»

ባይ ስታማት ፎጣቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ጣውላውስ?»

«ልጆቹ ወፎቹን ሳያስበረግጉ ተቀምጠው የሚማሩበትን ዳስ እየሠራን ነው።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ሳይደርቁ ይሄዱብኝ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ስለዚያ ስም ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ።

«ኧረ ልጆቹ ወደውታል፣ ባይ ስታማት። ‹እኛ እንቁራሪቶች› እያሉ ይፎክራሉ።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። የቻካሎቭ ጠበቃ የአፓርታማዎቹን ሞዴል በመስታወት ሣጥን ይዞ መጣ፤ ትንንሽ ዛፎች ሳይቀሩ ነበሩበት። አምስቱ ደግፈው አምስቱ ተቃወሙ። ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ጠበቃ» አሉ ባይ ስታማት፣ «ከነዚህ መስኮቶች በጥር የሚበሩት ስንቶቹ ናቸው?»

«ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

«አየህ፣ ከአጀንዳው ውጭ የቀረችው ልጄ ናት። የሁሉም ሰው ልጅ ናት። እኔ ተቃውሜአለሁ! ረግረጉ ከነቦዩ ለሐይቁና ለትምህርት ይተው፤ ቤቱ በዓሣ ፋብሪካው ቦታ ይሠራ። ይህን የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

ከደጋፊዎቹ አንዱ «ባይ ስታማት፣ ምን ነካዎት? ትናንት ከኛ ጋር ነበሩ!» ሲል ጮኸ።

«ትናንት ታጠብኩ» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባው ወደ ፊት እየተንከባለለ መጣ። እጆች ወጡ፤ የመጀመሪያው የጮኸው ሰውዬ ነበር፤ እሱም ሁለት ያላገቡ ወንዶች ልጆች ቤቱ ተቀምጠውበታል። ውሳኔው አለፈ። ዝላቲና ከበሩ አጠገብ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እንቁራሪቶቿ ግን ወንበር ላይ ወጥተው እየዘመሩ ነበርና ማንም ልብ አላላትም።

እንግዲህ ከዚህ ውሳኔ የተገኘውን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐይቁ ጉሮሮው ስላልታነቀ ጭቃው አለ፤ ለጭቃው የሚመጣ እንግዳም በየቤቱ ተከራይቶ ያድራል። በኅዳር ባሕሩ ተቆጥቶ መንገዱን ሲጥስ ውሃው አልጋውን ስላገኘ ተኝቶበት አደረ፤ የታችኛው ሰፈር ምንጣፍ እንኳ አልረጠበም። ልጆቹ ከዳሳቸው ሆነው የተማሩትን እቤት እየወሰዱ እናቶቻቸውን በርሜል ያስከድናሉ። የባይ ስታማት ዶሮዎች ጥላቸውን ተነጥቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን ከተማው ራሱን መጠየቅ ለመደ፤ ቤት ልንሠራ ነው ሲባል ዛሬ በሶሌኖቮ የሚጠየቀው «ምን ይታያል?» ሳይሆን «ማን ይኖርበታል?» ነው።

የሠራተኞቹ ማደሪያ ከሁሉ ቀድሞ ታደሰ። ቤቱ በዕጣ ነበርና ባይ ስታማት ሰው እንዳያማቸው ከአዳራሹ ወጥተው ግቢ ውስጥ ቆሙ፤ ቢወጡም ታሙ። ኔዳ ሦስተኛ ፎቅ ደረሳት። ባሏ ለጀርመኖቹ ደውሎ እንደማይመጣ ሲነግራቸው ሽማግሌው በሩ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ጀርመንኛ ባይገባቸውም ስልኩ ሲዘጋ አማተቡ።

ለገና አዲሱ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ምድጃው ሲሞቅ ኔዳ አፍንጫዋን ያዘች።

«አባዬ፣ ግድግዳው ሣርዲን ሣርዲን ይሸታል እኮ!»

ባይ ስታማት የልጅ ልጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። በግቢው ማዶ ያሉት መስኮቶች ሁሉ በርተዋል፤ በአንዱ ሰው ይጨፍራል፤ በአንዱ ባልና ሚስት ይጣላሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ዓሣ የሚሸት ቤት ቤት ነው። ውሃ የሚገባው ቤት ጀልባ ነው። ሰው የማይኖርበት ቤት ደግሞ ምንም አይደለም። ይልቅ ሾርባውን አቅርቢ።»