ፊቴን አይታችሁ ዝለሉኝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ነበር፤ ስለ በሽታው የማያውቀው ታማሚው ብቻ ነው። ደርግ ወድቆ ፈረንጅ ወደ ተራራው መምጣት ሲጀምር እኔ ደባርቅ ላይ ሁለት በቅሎ ነበረኝ። በተራ ነው የምንጭነው፣ ተራህ ሲደርስ ስምህ ይጠራል፣ የፈረንጁን ድንኳንና ስንቅ ጭነህ ተራራው ላይ ወዳለው መንደር ወደ ጊች ትወጣለህ። ታዲያ በዚያው ሰሞን አፌ ውስጥ ቆሰለ፣ በርበሬ የነካው ወጥ እሳት ሆነብኝ። ቀጥሎ ደረቴ፣ ቀጥሎ ጀርባዬ፣ ውኃ እየቋጠረ ያብጣል፣ ይፈርጣል፣ እና ሸሚዜን ሳወልቅ ቆዳዬ አብሮ ይላጣል።

ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ "ምች ነው፣ ምች ነው" እያለች ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ጎረቤታችን መጣችና "ኧረ ይኸስ አልማዝ ባለጭራ ነው" አለች። ሌላው ደግሞ ከበር ቆሞ "ቁምጥና እንዳይሆን ብቻ" ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እንዳልሰማ። ጆሮዬ ደግሞ አልቆሰለ።

ተራ አስከባሪው አያ ፈንታ የሚባል ቁጡ ሰው ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና "ካሴ፣ እስኪሻልህ ቤትህ ተቀመጥ፣ ፈረንጁ አይቶህ ይሸሻል" አለኝ፣ ስሜንም ዘለለው። ያን ቀን አለቀስሁ፣ አልደብቃችሁም። ያስለቀሰኝ ቁስሉ አይደለም፣ ከሰው አለመቆጠሬ ነው።

ከዚያ ቤተሰቤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ላኩኝ። መኪናው ዳባት ሲደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ሌላ ወንበር ያዘ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አየችኝ አየችኝና "አባባ፣ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የገዛ ሰውነትዎ ነው ቆዳዎን ጠላት መስሎት የሚወጋው" አለችኝ።

"ምን በድዬው?" አልኋት።

"ምንም አልበደሉትም። ክኒኑን በየቀኑ ይውሰዱ፣ በየወሩ ይምጡ፣ እኔ ሳልልዎት እንዳያቆሙ።"

እና ደረቀልኝ። ፊቴ በክኒኑ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ እንጂ ቁስሉ ደረቀ። ታዲያ እኔ የበቅሎ ሰው ነኝ፣ የበቅሎ ገጣባ ሲደርቅ ቅባቱን ትተህ መጫን ነው፣ ሌላ አላውቅም። ክኒኑን ተውሁት። ተራ ቢከለክሉኝ የገበሬ ገብስ ላወርድ ብዬ ጊች ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ጀርባዬ ከበፊቱ ብሶ ተላጠ፣ በቅሎዬ ላይ በሆዴ ተደፍቼ ደባርቅ ገባሁ።

ከዚያ እንደገና ጎንደር ወሰዱኝ፤ ሐኪሟ ስታየኝ "ማነው አቁም ያለዎት?" አለች ተቆጥታ።

"በቅሎዬ" አልኋት።

ልትስቅ ነበር፣ ከንፈሯን ነከሰች። "እንግዲያ ሐኪምዎ እኔ ነኝ ወይስ በቅሎዋ?"

"አንቺ" አልሁ፣ ምን ልበል። ቤት ስመለስ ጥሩነሽ ፍራሹን ቁስሉ በሚያርፍበት በኩል ቀድዳ አጎደጎደችልኝ፣ ለተገጠበች በቅሎ ከጭነቱ ስር እንደምናደርገው፣ "ያገባሁት ባል ነው ወይስ አጋሰስ?" እያለች።

ታዲያ ዳግመኛ ሲሻለኝ፣ ክኒኔን እየዋጥሁ፣ በየማለዳው ተራው ቦታ ሄጄ መቆም ጀመርሁ።

"ምን ትሠራለህ?" አለኝ አያ ፈንታ።

"ተራዬን እጠብቃለሁ።"

"ተራ የለህም አላልሁህም?"

"ብለኸኛል። ዝለለኝ፣ ግን ቤቴ ተቀምጬ አይሆንም፣ ፊቴን እያየህ ዝለለኝ።"

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ስሙኝ፣ ከኅዳር እስከ ጥር! የደባርቅን ብርድ ታውቁታላችሁ። ስሜ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል፣ ይዘልላል። እኔም "እሺ" ብዬ እሄዳለሁ፣ በነጋታው እመጣለሁ።

አንድ ቀን የራሱ በቅሎ ክፉኛ ተገጠበች፣ ገጣባ በማከም ደግሞ እኔን የሚያህል አልነበረም። መጣና "እባክህ" አለ። "አክማታለሁ፣ ግን ብቻዬን አይሆንልኝም፣ እጅህን እጄ ላይ ጭነህ ትይዝልኛለህ" አልሁት። ዋሽቼ ነው፣ ብቻዬን እችል ነበር። በቅሎዋን አየ፣ እጄን አየ፣ እና ቀስ ብሎ እጁን እጄ ላይ ጫነ። ሰባት ቀን እንዲህ አከምናት። በስምንተኛው ቀን መዳፉን እያገላበጠ ሲመረምር ያዝሁት።

"ምን ጠፋህ?" አልሁት።

"ምንም" አለ፣ አፈረ።

በነጋታው ማለዳ ሰው ሁሉ በቆመበት አያ ፈንታ "ካሴ! ተራህ ነው" ብሎ ተጣራ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? "ዛሬ አልችልም፣ ጎንደር ቀጠሮ አለኝ።" ሰዉ በሳቅ አውካካ። "አንተ ሰውዬ፣ ለዚህች ተራ ነው እንዴ ያን ሁሉ ብርድ የቆምህላት?" አለ አያ ፈንታ። "ከዚህ ቀጠሮ ከቀረሁ ሌላ ተራ የለኝም" ብዬ መኪና ተሳፈርሁ። ልቤ ግን ከበቅሎዎቼ ጋር ቀረ፣ እያረርሁ ነው የሄድሁት።

"ታዲያ አባባ፣ ተራው አመለጠዎት?" አለች ጨዋታውን ስታዳምጥ የቆየችው የልጅ ልጃቸው።

"ስመለስ ጠብቆኛል። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ጫንሁ። በሽታውም አልተወኝ፣ እኔም ክኒኑን አልተውሁ።"

"ቀጠሮውን ትተው ጊች ወጥተው ቢሆንስ?"

"ያን ጊዜማ ይህን የሚነግርሽ አያ ፈንታ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጨዋታ አይችልም" አሉና ሳቁ።