በመሳቢያ የተኛች መስሚያ

የዚያን ቀን ደብተሬን ረስቼ ባልመለስ ኖሮ የልጄን ለቅሶ አልሰማም ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ስሄድ የአራት ዓመቷን ሚጣን የምተወው ጎረቤቴ እትዬ ዘንድ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለደብተሬ ተመልሼ ቤታቸው ስገባ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠብቆባት ልጄ ታለቅሳለች። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰፋሉ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ አወጣኋትና ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"እትዬ፣ መስሚያዎ የት አለች?" አልኳቸው።

መሳቢያቸውን ከፈቱ። የመስሚያ መሣሪያቸው በመሐረብ ተጠቅልላ ከክሮቹ ጎን ተኝታለች።

"ይኸው፣ ሰባት ወሯ ነው፤ ጭረት እንኳ የላትም። የማደርጋት ለሠርግ ለሠርግ ነው።"

"ለምን በየቀኑ አያደርጓትም?"

"ታልቃለቻ። ደግሞም ባለፈው ሠርግ ሹካው፣ ወንበሩ፣ የሰዉ ሳቅ ተንጋግቶ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ዕቃዋስ ደህና ናት፤ የማይረባው ጆሮዬ ነው።"

እንደ ክት ልብስ ቆጥረዋታል ማለት ነው። ጆሯቸውን የሚያለማምዱት ደግሞ ጫጫታው በበዛበት ቀን ብቻ።

"ፊደል ስጀምር ያሉኝን ያስታውሳሉ?"

"ዓይንሽን ታጠፊያለሽ አልኩሽ። እንዴት እረሳለሁ።"

"ያኔ ገጹ ሁሉ ጉንዳን ይመስለኝ ነበር። በወር አንዴ ብቻ ብገልጠው ኖሮ ዛሬም ጉንዳን ይሆንብኝ ነበር። ጆሮም ሳይለምድ ድምፅ የሚለይ አይመስለኝም።"

"አይመስለኝም ማለት ምንድን ነው? ማን ነገረሽ?"

ከመሣሪያዋ ጋር የተሰጣቸውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዱን መስመር ሁለቴ እየደገምኩ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ ለጥቂት ሰዓት፤ ከዚያ በየቀኑ ጨመር ማድረግ። ካመመ ወይም ካፏጨ ባለሙያ ያስተካክለዋል።

"ይኼ ወረቀት ሰባት ወር እዚሁ ነበር?" አሉኝ።

"እዚሁ።"

"ሰው ጆሮዬ ላይ ሲያያት ግን አሮጊት ሆነች ይለኛል።"

"መነጽርዎን ሲያይስ ምን አለ?"

ፈገግ አሉ፤ መሳቢያውን ግን መልሰው ሊዘጉ ነው።

"እትዬ፣ ልጄን ከእርስዎ በቀር አምኜ የምተውለት ሰው የለኝም። ካልሰሟት ግን ትምህርቴን አቆማለሁ።"

ሚጣን አዩዋት። ዓይኗ እንዳበጠ ነው።

"ስንቴ ጠራችኝ?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

መሐረቡን ፈቱ።

በማግስቱ የስፌት መኪናው ድምፅ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ሆነባቸው። አብረን የመስሚያዋ ባለሙያ ዘንድ ሄድን፤ ድምፁን ዝቅ አደረገችላቸው። አሁን ጠዋት መነጽራቸውን ሲያደርጉ መስሚያዋንም ያደርጋሉ። ደንበኛ ልኩን ሲነግራቸው አንዴ ይበቃቸዋል። ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ፤ የሰው ከንፈር ሲከታተሉ ውለው የሚሰማቸው የራስ ምታትም ቀሏል። ከሁሉ የገረማቸው ግን ዝናብ መስኮቱን ሲመታ መስማታቸው ነው።

እኔ ወትሮ ስወጣ ደረጃው መሀል ቆም ብዬ ወደ ላይ አዳምጥ ነበር። ትናንት በሩ ላይ ሳለሁ ሚጣ ከወዲያኛው ክፍል ለአሻንጉሊቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

"እትዬ ሲሰፉ ስኳሩን እንወስዳለን።"

እትዬ መርፌያቸው ውስጥ ክር እያስገቡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

"ስኳሩ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል፤ ለአሻንጉሊትሽ ንገሪያት" አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ "ሂጂ እንጂ፣ ይረፍድብሻል።"

ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። ደረጃው መሀል አልቆምኩም።