ኮርቢ ያለ ጥፋቱ የተቀጣባት ሁለት ደቂቃ

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እናንተም እዚያ ጥግ ቢራችሁን ይዛችሁ የምትሳሳቁ ተጫዋቾች፤

ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። የድንች ሰላጣውን ለሠሩት የወጥ ቤት ሰዎች ምስጋናዬ ለብቻው ነው፤ ዘንድሮ ኮምጣጤውን አልረሱትም። ሊቀ መንበራችን "ጉድሩን፣ አጭር ንግግር አድርጊ" ብለውኛል። አጭር ሲሉ ሁለት ደቂቃ ይሁን አምስት አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሰው ዘግቼ የኖርኩ ሴት ነኝ። እስክጨርስ ማንም ከዚህ አይወጣም።

ከሆስፒታሉ የመጣችሁ እንግዶቻችን ሥራዬን ላታውቁት ትችላላችሁ። እኔ የኤርለንታል ጉጉቶች የበረዶ ሆኪ ክለብ የቅጣት ወንበር በር ከፋች ነኝ። ተጫዋች ሲያጠፋ ዳኛው ወደ እኔ ይልከዋል። እከፍትለታለሁ፣ ይገባል፣ እዘጋበታለሁ። ቅጣቱ ሲያልቅ እከፍትለታለሁ፣ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደል?

ጎረቤቴም እንደዚያ መስሏት ነበር። "ለዚህማ ሰው ምን ያስፈልጋል? ራሳቸው አይከፍቱም እንዴ?" አለችኝ። አንድ ቀን ይዣት መጣሁና አጠገቤ አስቆምኳት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንኳ ሳያልቅ ሁለት ጎረምሶች እንደ በሬ እየተነፈሱ ገቡ፤ አንደኛው የራሱን ጥርስ በመዳፉ ይዞ ነበር። "ጉድሩን፣ እባክሽ ቤቴ ውሰጂኝ" አለች።

ሥራው በሩን መያዝ ብቻ አይደለም። ከሜዳ የገባው ሰው ተናዷል፣ አፍሯል፣ ሕዝቡ ይጮኽበታል። ስለዚህ ለገባ ሁሉ አንድ የናና ከረሜላ እሰጣለሁ። "ጥፋተኛ ነኝ" ላለኝ ደግሞ ሁለት እሰጣለሁ ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ ቃል ሁለት ከረሜላ የወሰደ ጉጉት የለም! ሁሉም ሲገባ የሚለው አንድ ነው፤ "አክስት ጉድሩን፣ እኔ ምንም አላደረግሁም።"

ከሁሉም በላይ ይህን ያለኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኮርቢንያን ጻይድለር፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። የእኛ ኮርቢ ከሚስቱ ጋር ከተቀመጠው ይልቅ ከእኔ ጋር የተቀመጠው ይበልጣል። ሚስቱ ራሷ ናት የነገረችኝ። ቅር ያላትም አይመስለኝም።

ይህ ክለብ ከየት እንደመጣ አንዳንዴ እንረሳዋለን። የተወለደው በቢራ ፋብሪካው ኩሬ ላይ ነው። ክረምት ኩሬው በረዶ ሲጋገር ሠራተኞቹ ከአሮጌ በርሜል ጣውላ ዱላ ጠርበው ይጫወቱ ነበር። አባቴ አንዱ ነበር። በኋላ ክፍት ሜዳ ተሠራ፤ ከላይ በረዶ ሲወርድ ጨዋታው ይቆምና ተመልካቹ አካፋ ይዞ ይገባ ነበር። እኔም በሰባት ዓመቴ አካፋ ይዤ ገብቻለሁ። ጣሪያው ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ጊዜ ዋንጫ በልተናል፤ የዚያን ቀን ከንቲባው ከነሱፋቸው የአደባባዩ ፏፏቴ ውስጥ ገቡ። ሁለት ጊዜ ወርደናል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ወጥተናል። ሦስተኛው መውረድ ግን የመጨረሻችን እንደሚሆን ዘንድሮ በግልጽ ተነገረን።

አዎ፣ ዘንድሮ። ምን ዓይነት ዓመት ነበር ይሄ?

በመጀመሪያው ጨዋታ ሰባት ለአንድ ተገረፍን። አሰልጣኛችን ዝደነክ ለጋዜጠኛው "አንዷ ጎል ግን ቆንጆ ነበረች" አለው። ቀጥሎ አራት ለዜሮ፤ ያኔ ቆንጆዋም ጠፋች። ገና ሲቃረብ፣ ልክ በድቦቹ ቀን፣ የበረዶው ማቀዝቀዣ ሞተር ተበላሸ። ድቦቹን ለእንግዶቻችን ልንገር፤ በየዓመቱ ከገና በፊት በሜዳችን የመጀመሪያዋን ጎል ስናገባ፣ ደጋፊው ያመጣውን አሻንጉሊት ድብ ሁሉ ወደ በረዶው ይወረውራል። ድቦቹ ተለቅመው ለታመሙ ሕፃናት ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ግን በረዶው ሾርባ ሆነ። ዳኛው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ "መጫወት አይቻልም" አለ። ኮርቢ ደግሞ "መዋኘትስ?" አለው። ጨዋታው ሳይጀመር የተቀጣ የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ለጥቂት ተረፈ።

ያ ጨዋታ ተላልፎ ተላልፎ መጋቢት ላይ፣ የዓመቱ መጨረሻ ሆነ። እስከዚያ እኛም ተጋጣሚዎቻችን ኖይሄገኖችም ከሊጉ ግርጌ ተያይዘን ደርሰን ነበር። የዚያን ቀን የተሸነፈ ይወርዳል። ማዘጋጃ ቤቱም ቃሉን ሰጥቷል፤ ካልወረድን ያረጀው ጣሪያ ይጠገናል፣ ከወረድን ግን አዳራሹ ይዘጋል። ያ ማለት በረዶውን የሚያለሰልሰው፣ ትከሻ የምታሸው፣ ወጥ ቤቱ፣ የልጆች ቡድኖቻችን፣ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው።

እኔ በዚያው ቀን እንደምሰናበት ቀድሜ ተናግሬ ነበር። ሐኪሙ ጉልበትሽ አልቋል ብሎኛል። መሄዱ አላስጨነቀኝም፤ ሰው ያረጃል፣ ይሄዳል። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ያንን በር ለሌላ ሰው አስረክቤ እሄዳለሁ ወይስ ለመጨረሻ ጊዜ የምዘጋው እኔው ነኝ?

ሊቀ መንበራችን ለሆስፒታሉ ደወሉ። "ድቦቹን መጋቢት ላይ ብናመጣ አይከፋችሁም?" ቢሉ፣ እዚህ ፊቴ የተቀመጡት ዶክተር "ሕፃናት መጋቢትም ይታመማሉ" አሏቸው። እናም ሕዝቡ በጸደይ ድቡን ታቅፎ መጣ። አስተዋዋቂያችን ዲትማር በድምፅ ማጉያው ለመነ፤ "ዳኛው ጎል ነው ሳይል ድብ እንዳይወረወር!" ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "እሺ!" አለ። የኤርለንታል ሰው እሺ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለ ጎል አለቀ። በሦስተኛው፣ ከግርግር መሃል ፓኳ፣ ያቺ የጎማ ዲስክ፣ መረቡ ውስጥ ገባች፣ ቀዩ መብራት በራ። ከዚያ በኋላ ዳኛ ማን አየ? ሰማዩ ድብ ሆነ! ሁለት ሰው ተጋግዞ የወረወረው ድብ ነበር። ዲትማር ራሱ ማይክራፎኑን እንደያዘ የራሱን ወረወረ። አትካድ ዲትማር፣ ቡናማው ድብ ነበር።

ዳኛው ግን ወደ ቪዲዮው ሄደ። ተመለሰና እጁን ዘረጋ። የእኛ ሰው ግብ ጠባቂያቸውን ረግጦ ኖሯል፤ ጎሉ ተሰረዘ። ኖይሄገኖች እየሳቁ፣ እኛ በጉልበታችን ተንበርክከን ድብ እንለቅማለን። ይህ አልበቃ ብሎ "ጨዋታ በማዘግየት፣ ሁለት ደቂቃ!" አለ ዳኛው።

ዝደነክ እየጮኸ መጣ። "ሊጉ ፈቅዶልናል!"

"የተፈቀደላችሁ ለጎል ነው። ይሄ ጎል አይደለም።"

"ድቦቹ ይህን በምን ያውቃሉ?"

ዳኛው አልሳቀም። የቡድን ቅጣት ሲሆን አሰልጣኙ የፈለገውን ተጫዋች ይልካል። ዝደነክ ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ያሉትን አየና "ኮርቢ፣ አንተ ግባ። መንገዱን ታውቀዋለህ" አለው።

ኮርቢ ገባ፤ ዘጋሁበት።

"አክስት ጉድሩን፣ እኔ ምንም አላደረግሁም!"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው።"

"አሁን እኮ እውነት ነው!"

"ስለዚህ ሁለት ውሰድ" አልኩትና ሁለት ከረሜላ ሰጠሁት። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ለተናገረ ሰው ምን ይነፈጋል?

አልሳቀም። ያ ትልቅ ሰውዬ ከረሜላዎቹን በጓንቱ ጨብጦ ተቀመጠ። "የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው አክስቴ። ዛሬ አቆማለሁ። ክለቡ ሲሞት እዚህ ተቀምጬ ላየው ነው?"

"ዝም ብለህ ከረሜላህን ምጠጥ። እስካሁን ማንንም እዚህ አስቀርቼ አላውቅም" አልኩት።

ኖይሄገኖች በአንድ ሰው በልጠውን ከበቡን። የእኛ ልጆች ፓኳ ፊት በሆዳቸው ይወድቁ ነበር። ሰዓት ያዣችን ኦቲ መቁጠር ጀመረች። "አምስት… አራት…" አሁን በሩን እዩልኝ። ብርድ ሲገባው እንደሚወርድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እንጠግነዋለን ስንል ስንት ዓመታችን ነው? በጉልበት ከፍ ካላደረጉት መቀርቀሪያው አይላቀቅም። ቀድሞ ቢከፈት ሌላ ቅጣት ነው፣ ቢዘገይ ደግሞ አለቀልን። ያቺን ሐኪሙ አልቃለች ያላትን ጉልበቴን ከሥር አስገባሁና ጥርሴን ነከስኩ። ኦቲ "ዜሮ!" ስትል ሳብኩት።

በዚያችው ቅጽበት አንዱ ልጃችን የኖይሄገንን ምት በደረቱ መለሰ። ፓኳ ተንከባላ መሃል ሜዳ መጣች፣ ልክ በእኔ በር ፊት! ኮርቢ ወጥቶ ያዛት፤ ከፊቱ ግብ ጠባቂው ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል ያላገባ ሰው! "ምታ!" ብዬ መጮኼን ኦቲ ናት የነገረችኝ። መታ። በግብ ጠባቂው ብብት ሥር ገባች።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሁሉም እጁን ወደ ድቡ ሰደደ፣ ድብ ግን የለም! ከዚያ የተገኘው ሁሉ መጣ። ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ ጓንት፣ የወንበር ትራስ። አንድ የግራ ጫማም ነበረ፤ ባለቤቱ እዚህ ካለ ቢሮ አስቀምጠንለታል። ዳኛው በረዶውን አየ፣ እኛን አየ። "ይሄስ ጎል ነው" አለና ጎንበስ ብሎ ኮፍያ መልቀም ጀመረ።

አንድ ለዜሮ። አልወረድንም። ጣሪያው በዚህ በጋ ይጠገናል።

ጨዋታው አልቆ ሁሉም ሲጨፍር የቅጣት ወንበሩ መስታወት ተንኳኳ። ኮርቢ ነው።

"ደግሞ ምን አጠፋህ?"

"ምንም። ትንሽ ልቀመጥ ነው።"

ከፈትኩለት። ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለካ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቆሜ ነው የኖርኩት፤ ያ ወንበር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮርቢ ፊቱን በጓንቱ ጠረገና "አክስቴ፣ ከአንቺ በኋላ ይህን በር ማን ይይዛል?" አለኝ። እኔም "ከውስጥ ሆኖ መከፈቱን ከሁሉ አብልጦ የጠበቀው ሰው" አልኩት።

ና እስቲ ኮርቢ፣ ወደዚህ ቅረብ። ይኸው የከረሜላ ከረጢቴ። በሩን መጀመሪያ በጉልበትህ ከፍ አድርገው፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ወደ ራስህ ሳብ። የገባውን አትስደበው፤ ሲገባ ራሱን ሰድቦ ጨርሷል። የእኛ ተጫዋች እንደሆነ አትርሳ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ አንዲት ሰከንድ አታዘግይበት።

እናንተ ደግሞ፣ ውድ ጓደኞቼ፣ ጤና ይስጣችሁ። ቤታችሁ ሙቅ፣ በረዷችሁ ጠንካራ ይሁን። ዶክተር፣ ድቦቹ ልጆቹን አስቀው ከአልጋቸው ያስነሷቸው። የሚመጣው ዓመት ጎል በጎል ያድርጋችሁ፤ ዳኛው እስኪናገር ግን እባካችሁ ድባችሁን ያዙ።

ሰው ሆኖ የማያጠፋ የለምና ሁላችሁም አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። ቅጣታችሁ አጭር ይሁን። ሲያልቅም በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው አይጥፋ።