ለወደቀች ልጅ ጭብጨባ

በእኛ ጊዜ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ይባል ነበር። የማታውቀው ቢሆን፣ የተጣላኸው ቢሆን፣ ሲደናቀፍ ካየህ አፍህ ራሱ «እኔን!» ይላል፣ አንተ አታዘውም። እኔ ደብረ ዘይት ጋሪ ስነዳ፣ ዝናብ ጥሎ ፈረሴ አስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ እንኳ፣ ከየሱቁ ሰው እየሮጠ ይወጣና «እኔን፣ እኔን» እያለ ያነሣልኝ ነበር። ለፈረስ እኮ ነው! ታዲያ ለወደቀ የሚያጨበጭብ ካለ ጠላት ነው፣ ወይም ጠጅ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር የሚጮህ ሰካራም ነው። ይኼን ያዙልኝ። ይኼን ካልያዛችሁ እኔ የሠራሁት ነገር አይገባችሁም።

እኔ ወሬ አላውቅም። ታውቁኛላችሁ፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ስኖር ሊፍት ውስጥ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ነው የማልፈው። ግን ቪዲዮውን ሁላችሁም አይታችኋል አሉ። ይቺ ጎረቤታችን ብርቄም አይታለች።

«አይቻለሁ ጋሽ ተሰማ። እኔማ ደጋግሜ ነው ያየሁት፣ እህቴም ጋ ልኬዋለሁ።»

ይኸው። ተልኳል። ታዲያ ዝም ብል ይብሳል ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ ባልናገር ደስታዬ።

የልጄ የትርሲት ልጅ፣ ሜላት፣ በረዶ ላይ ነው ያደገችው። እናቷ ሥራ ሳትገባ፣ ገና ሳይነጋ፣ በመኪና ወስዳ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ካለው የበረዶ ሜዳ ታደርሳታለች፣ እና ልጅቷ ስለት ያለው ጫማ አድርጋ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። እኔ ግን ሄጄ አላየኋትም። ለምን? አፍሬ ነው። ቀሚሱ አጭር ነዋ! አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አንዱ ስልኩን ዘረጋና «አቶ ተሰማ፣ ይቺ የእርስዎ ናት አሉ፤ ምነው በዚህ ብርድ እግሯን እንዲህ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ቤት ገብቼ አኮረፍኩ፣ እራትም አልበላ አልኩ።

ሜላት ሰማችና መጣች። እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች፣ እና ጉልበቷ ላይ ቆዳዋን በጣቷ ቆንጥራ ሳበችው። ቆዳው ተለጠጠ! «ኧረ በማርያም!» አልኩ። ለቀቀችው፣ ጧ! አለ።

«አባባ፣ ስቶኪንግ ነው! ሲ? እግሬ አይታይም፣ ከቨርድ ነኝ!»

ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ነው ለካ። እና እኔ ያን ያህል ዓመት በጨርቅ ነው ያፈርኩት፣ በጨርቅ ነው ልጄን ሳላይ የቀረሁት።

ታዲያ በዚህ ብርድ ወራት የአገሩ ሁሉ ሻምፒዮና እዚሁ ቶሮንቶ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ብቻ ናቸው የሚመጡት። ሁለት ቀን ነው፣ አንደኛው ቀን አጭሩን ይጫወታሉ፣ በማግስቱ ረጅሙን፣ እና ተደምሮ ከላይ የሆኑት አገራቸውን ወክለው ውጭ ይላካሉ። ሜላት ይኼን ነው ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው። «አባባ፣ ትመጣለህ? ይመጣሉ?» አለችኝ፣ አንተም አንቱም ትቀላቅላለች እሷ። «እመጣለሁ» አልኳት።

ካፖርቴ ላይ ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። አዳራሹ፣ እናንተ! የጃንሜዳ ሰው ሁሉ ቢገባበት አይሞላም። ትርሲት አስቀመጠችኝና «አባዬ፣ እኔ ታች ሜላት ጋ መሆን አለብኝ፣ ከዚህች ወንበር እንዳይነሡ» ብላኝ ሄደች። እንግሊዝኛ የለኝ፣ የሚያስረዳኝ ሰው የለኝ፣ ቁጭ አልኩ። ከጎኔ አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ ነበረች፣ ቀይ የሹራብ ቆብ ያደረገች፣ በእኔ ዕድሜ። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ። ፈገግ አለች፣ ፈገግ አልኩ። በዚህ ተግባባን።

እና ጨዋታው ተጀመረ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዱ ቀጭን ልጅ ከወዲያ ጫፍ ወደ ኋላው እየበረረ መጣና ተነሣ፣ አየር ላይ እንደ እንዝርት ሾረ፣ ስንቴ እንደዞረ ዓይኔ አልደረሰበትም፣ በአንድ እግሩ ስለቷ ላይ ቆመ። እጁን ዘረጋ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው! ከዚያ ባልና ሚስት የመሰሉኝ መጡ፣ አይደሉም አሉ፣ በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ተሸክሟት ይከንፋል። እኔ ጭነት አውቃለሁ፣ ግን ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ደግሞ አንዲት ከሌሎቹ በዕድሜ የበሰለች ወጣች። እሷ ብዙም አልዘለለችም። ዝም ብላ ሄደች፣ ውኃ እንደሚወስደው ቅጠል፣ እና ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። ስትጨርስ ተንበርክካ በረዶውን ሳመችው፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደምንስመው። ስንብቷ ነው መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

ታዲያ አንዲት ደቃቃ፣ ሰማያዊ የለበሰች ልጅ ወጣች። ሮጠች፣ ዘለለች፣ በጎኗ ወደቀች። ዷ! ሲል እኔ ድረስ ተሰማኝ። «እኔን!» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ! አጨበጨበ ስላችሁ! ያቺ ከረሜላ የሰጠችኝ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ፣ እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ ጧ ጧ ጧ። ከረሜላው አፌ ውስጥ መረረኝ። አውጥቼ በመሐረብ ጠቀለልኩት። «ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? የሰው ልጅ ወድቃ ይደሰታል? ይቺስ አሮጊት፣ እግዜርን አትፈራም?» እላለሁ በሆዴ። ሌላዋም ወደቀች፣ አሁንም ጭብጨባ። ደሜ ፈላ። አጠገቤ ትርሲት ብትኖር ኖሮ ትነግረኝ ነበር። የለችም።

ከዚያ ሜላትን ጠሩ።

ልጄ ወጣች። ቢጫ ለብሳ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ የማውቃት፣ ካልሲዋን በየቦታው የምትጥለዋ ልጅ መሆኗ ጠፋኝ። ሙዚቃው ሲጀምር አንገቷን ቀና አደረገች፣ እና ሄደች፣ እንደ ወፍ አላርፍ አለች፣ እኔም ወንበሬ ላይ አብሬ ልበር ምንም አልቀረኝ። ታዲያ ለመዝለል ዞረች። ተነሣች። ስትወርድ እግሯ ከዳት፣ በግንባሯ ነው ማለት ይቻላል፣ በረዶው ላይ ተዘረጋች።

እና አጨበጨቡ።

ምን ልበላችሁ? ተነሣሁ። «እኔን ልጄ! እኔን ይድፋኝ!» አልኩ፣ ያን የጋሪ ድምፄን፣ ገበያ መሐል ሰው የማስለቅቅበትን። ዞር ስል አሮጊቷ ትስቃለች፣ ታጨበጭባለች። ሁለት እጆቿን አየር ላይ ያዝኳቸው። ቪዲዮው ላይ ያያችሁት ይኼን ነው። «ተይ! ወድቃ ታጨበጭቢያለሽ? አንቺ ልጅ የለሽም? አታፍሪም?» ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰዉ ዞረ። ስልኩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘበኛው መጣና «ሰር፣ ሰር፣ ፕሊዝ» እያለ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። የሜላትን የቀረውን አላየሁም። ሙዚቃው ብቻ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፣ ትነሣ አትነሣ አላውቅም።

ትርሲት እየሮጠች መጣች። «አባዬ ምን ሆኑ? ምን አደረጉ?»

«ልጅሽ ወድቃ እያጨበጨቡባት!»

ቀጥ ብላ አየችኝ። «አባዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱ እኮ አይዞሽ ማለት ነው። እዚህ አገር ለወደቀ ነው አብልጠው የሚያጨበጭቡት፣ ተነሺ፣ አለንልሽ ለማለት።»

አይዞሽ ነው። «እኔን» ማለታቸው ነው። እነሱ በእጃቸው ነው የሚሉት፣ እኛ በአፋችን።

ገና ይኼን ሳልውጥ ያቺ ባለ ቀይ ቆብ ሴት ወጥታ መጣች። ዘበኛውን «ተዉት» ትለዋለች። ለትርሲት አንድ ነገር ነገረቻት፣ ትርሲት ፊቷን ሸፈነች። «ምን አለች?» አልኩ። «አባዬ፣ ያቺ ሰማያዊ የለበሰችው ልጅ የልጅ ልጇ ናት።»

ለገዛ ልጇ ነው እንዲያ ያጨበጨበችው! እኔ እሷን ነው «ልጅ የለሽም ወይ» ያልኳት።

ታዲያ በእኛ ደንብ ምን ይደረጋል? ይቅርታ ይጠየቃል፣ እግር ይሳማል። ጎንበስ አልኩና እግሯ ላይ ልወድቅ ስል፣ ሴትዮዋ ጮኸች! ልቤ የቆመ መሰላት። «ሄልፕ! ሄልፕ!» ትላለች፣ እኔ «ይቅር በይኝ» እላለሁ፣ እሷ ጋቢዬን ከአንገቴ ላይ ትፈታለች፣ ትንፋሽ እንዳገኝ ነው። ባለ ጎማ አልጋ እየገፉ መጡ። ትርሲት «አልታመሙም! አልታመሙም!» እስክትል ድረስ አንሥተው አስተኝተውኛል።

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ።

ወደ ቤት በመኪና ስንመለስ ትርሲት ትነዳለች፣ እኔ ከፊት ነኝ። ሜላት ከኋላ ናት። ተነሥታ ጨርሳዋለች፣ ግን በዚያ በመውደቋ ወደ ታች ወርዳለች፣ ነገ ካላሳመረች የምትመኘው ቀረ። ስልኳን እያየች «አባባ፣ ሰማሁህ» አለች። «ኤቭሪባዲ ሰምቷል። ጓደኞቼ ሁሉ እየላኩልኝ ነው። በጣም ኤምባረስ አደረጉኝ፣ አሳፈሩኝ።»

በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ።

«አባዬ ነገ ቤት ቢያርፉስ?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

እኔም ፍርዴን ጠበቅሁ። «ኖ» አለች ሜላት። «ይምጡ። ግን ጩኸት የለም። ፕሮሚስ?»

«በማርያም» አልኳት። እኔ በማርያም ስል ታውቁኛላችሁ።

በማግስቱ ሄድን። አሮጊቷም ነበረች፣ ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፣ ከረሜላም ሰጠችኝ። እኔ ግን እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት፣ ጥርሴን ነከስኩ። ሜላት ወጣች። እና ምን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን በረዶው የእሷ ርስት ነበር። ያን የጣላትን ዝላይ መጣችበት፣ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተነሣች፣ ዞረች፣ ቆመች! ደገመችው፣ ቆመች! መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ላይ ስትሾር ቢጫው ቀሚስ ብቻ ነው የሚታየው፣ ልጅቷ ጠፍታለች። ሙዚቃው ሲቆም አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። የሚያፏጨው፣ የሚያለቅሰው። አሮጊቷ እጅጌዬን ትጎትተኛለች፣ ተነሣ ነው። እኔ በማርያም ብያለሁ። አልተነሣሁም፣ አላጨበጨብኩም፣ ትንፍሽ አላልኩም። ቀና ብላ ወደ እኛ በኩል ስትፈልግ አየኋት፣ በቆመው ሰው መሐል በኩል፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ። እኔ እንደ ድንጋይ ቁጭ ብያለሁ።

ሦስተኛ ወጣች። ተመረጠች፣ ትሄዳለች። ቤቱ በደስታ ተደበላለቀ፣ ስልኩ ይጮኻል። እኔ ክፍሌ ገባሁ። መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሜዳልያው አንገቷ ላይ ነው።

«አባባ፣ አልወደዱትም?»

«ምኑን?»

«የእኔን። ሰው ሁሉ ቆመ። እርስዎ ብቻ ነዎት ያልቆሙት።»

«አንቺው ነሽ ጩኸት የለም ያልሽኝ!» አልኳት።

«አባባ! እሱ እኮ ከወደቅኩ ነው!»

አያችሁልኝ? ስትወድቅ ጮህኩ፣ ስትነሣ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን እፍረት ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ስቆ ይረሳዋል። የሁለተኛውን ያየችው እሷ ብቻ ናት፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ያን ዓይኗን ባላየሁት።

«ታዲያ ምን መለሱላት ጋሼ?»

እኔማ ብርቄ፣ ተነሣሁና እዚያው ክፍሌ ውስጥ፣ በሌሊት ልብሴ፣ አጨበጨብኩላት። ሳቀች። አልቅሳም ነበር።

«እንግዲህ ሲላኩ እኔም እሄዳለሁ፣ ቁርጤን ነው ጋሽ ተሰማ። እርስዎ ማጨብጨቡን ይያዙ፣ እልልታው የሴት ነው፣ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

አንቺንም ዘበኛው ያወጣሻል እኮ፣ ብርቄ።

«ያውጣኛ! እኔ እንደሆንኩ እንደ እርስዎ አላፍር።»