በጋ ገባ ብለው ገመዱን የፈቱት የአቶ ኤይሊፍ ዜና ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. የካቲት፣ በኖርዌይ ሰሜን ዳር፣ የአገሩ ሰው «አፍንጫው» በሚለው ወደ ባሕር ሰርጎ በገባ አለታማ ምድር፣ ብርዱ የከረረ፣ በረዶው ደረቅ፣ ንፋሱም ከሰሜን ምዕራብ ነበረ። አቶ ኤይሊፍ ከአባታቸው ከአቶ ሂልማርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዮርጊና በዚያ ወር ተወለዱ። አዋላጇ ባሕሩን መሻገር ስላልቻለች እትብታቸውን የቆረጡት አባታቸው ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ከባሕሩ ማዶ ስለነበረ፣ ማዕበሉ ሲፈቅድላቸው ብቻ እየሄዱ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ የቀረውን ትምህርት በበረትና በጀልባ ላይ ቀሰሙ። ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ኦድቫር ጋር በግ እያረቡ፣ ዓሣም እያጠመዱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ወይዘሮ ቱርዲስን አግብተው ልጃቸውን ሲግኒን ወለዱ።

በአፍንጫው ክረምት ሲገባ ከቤት ደጃፍ እስከ በረት ገመድ ይዘረጋል፤ በረዶ ያዘለ ንፋስ ሲነሣ ሰው የገዛ እጁን ስለማያይ ገመዱን ጨብጦ ይሄዳል። በእንጨት ላይ የተቀረጸው የአያቶች የቀን መቁጠሪያ በሚያዝያ «በጋ ገባ» ሲል ደግሞ ገመዱ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ተዘርግቶ መገኘቱ ነውር ነው። አንድ ዓመት ጎረቤታቸው ቢያዘገይ፣ አቶ ኤይሊፍ «ምነው፣ ዛሬም ሚስትህ እየጎተተች ነው ቤት የምታስገባህ?» ብለው መንደሩን አስቀውበታል።

የኋላ ዘመናቸው አየር ግን የሚያውቁት አልነበረም። በጥር ዝናብ እየዘነበ፣ ዝናቡም ወደ በረዶ ቅርፊት እየተለወጠ ግጦሹን ይቆልፍ ጀመር። ጥንት ባሕሩ ከሩቅ እያበጠ የማዕበልን መምጣት ይናገር ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሎ ውሎ በድንገት ይነሣል። ወንድማቸው «ጋሼ፣ ወደ መሐል አገር እንግባ፤ ይህ ቦታ ከእንግዲህ የኛ አይደለም» ቢሏቸው፣ «አንተ ሂድ፤ እኔን ንፋሱ በስሜ ያውቀኛል» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሚያዝያ፣ ቀኑ ሲደርስ ገመዱን ሊፈቱ ወጡ። ወይዘሮ ቱርዲስ ከደጃፍ ቆመው «አንተ ሰው፣ ዘንድሮን እንኳ ተወው! የበጋ ወፎቹም አልመጡም» አሏቸው። እሳቸውም «ወፍ ምን ቀን ያውቃል!» ብለው ጠቀለሉት። በግንቦት፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰሞን፣ በቀትር የምታምጥ በግ ሊያዩ በረት እንደገቡ ሰማዩም ምድሩም ነጭ ሆነ። ሲወጡ ቤታቸውን አላገኙትም። የበረዶው ውሽንፍር ሲበርድ ወንድማቸው ከበረቱ ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር እንዳዞሩ አርፈው አገኟቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነበረ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ሲግኒና ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

የአፍንጫው ሙታን እዚያው፣ ባሕሩን እያዩ ይቀበራሉ፤ አቶ ኤይሊፍም የሚሹት ይህንኑ ነበር። አቶ ኦድቫር ግን «እዚያ መቃብር ካለ ተመላሽ አይጠፋም» ብለው ወሰኑ። በጎቹን ከነግልገሎቻቸው በጀልባ አሻገሩ፤ የወንድማቸውንና የራሳቸውን ቤት መስኮቶች በሳንቃ ቸነከሩ፤ ባሕር በማይታይበት መሐል አገር፣ ዛሬ በቆምንበት በዚህ ኮረብታ ሥርም ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። ጌታ ነፍሳቸውን ንፋስ በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ከእኛም ማንም ወደዚያ አይመለስ።