ሰማያዊው ማኅተም

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፒያሳ፤ የዘፈን ሸክላ ሰብሳቢው ሰይፈ በገዛ ሳሎኑ ነጭ ጓንት አጥልቆ አንዲት ሸክላ ደረቱ ላይ አቅፏል፣ ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊቱ ቆመዋል።

አስካለ፦ አንድ ጊዜ ብቻ አልኩህ! ሦስት ደቂቃ አይሞላም እኮ።

ሰይፈ፦ እኔም አይሆንም አልኩዎት። ከታተመች ጀምሮ መርፌ ነክቷት አያውቅም።

አስካለ፦ ታዲያ ለምንህ ነው የያዝካት? ልትድራት ነው?

ሰይፈ፦ እሜቴ፣ ይቺ ተራ ሸክላ አይደለችም። ዋናው ሳይወጣ ሕዝቡ እንዲቀምሰው ተብሎ ለማስተዋወቂያ የተላከች ናት። ይመልከቱ፣ “ለናሙና የተሰጠ፣ አይሸጥም” ይላል። ሰማያዊ ማኅተም! የዚህ ዘፈን ሁለተኛ ቅጂ በአገሩ የለም።

አስካለ፦ ለኔ ነው የምታነብልኝ? ማኅተሙን የምመታው እኔ ነበርኩ! ይቺን ባሳተመው ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ጣቴ ሰማያዊ እንደሆነ ነው የኖርኩት።

ሰይፈ፦ ስንቱ መጥቶ ስንቱን ይነግረኛል! ባለፈው አንዱ “ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ” ብሎኝ ቢራ ጠጥቶብኝ ሄደ።

አስካለ፦ ቢራ ጠየቅኩህ? የታናሽ እህቴን ድምፅ ነው የጠየቅኩህ። ውድነሽ በሕይወቷ የዘፈነችው ይቺኑ አንዷን ነው። ናሙናው ተላከ፣ ዋናው ሳይታተም ሞተች። ፎቶዋ ቤቴ አለ፣ ድምጿ ግን ከጆሮዬ ጠፋ። አርባ ስድስት ዓመት! ገባህ?

ሰይፈ፦ ነፍስ ይማር። ግን አንዴ መርፌ ካረፈባት አለቀላት፣ እንደ ማንኛዋም ሸክላ ናት። ነገ የሰብሳቢዎች ማኅበር እዚህ ይመጣል። “ያልተነካች” ብዬ ነው የጠራኋቸው።

አስካለ፦ ወይ ማኅበር! ዘፈን የማይሰማ የዘፈን ወዳጅ አሁን ገና አየሁ። ደግሞ ጓንቱ! ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው?

ሰይፈ፦ ላብ ያበላሻታል።

አስካለ፦ እንደዚህ ሰማያዊ የተመታባቸው ስንት አሉህ?

ሰይፈ፦ ሠላሳ አንድ! ከየቡና ቤቱ ጓዳ፣ ከነመጠቅለያቸው አንድ በአንድ ለቅሜ። በዚህ ከተማ ይህን ያህል ያለው ካለ ይምጣ!

አስካለ፦ ሠላሳ አንድ! ኧረ በማርያም አታስቀኝ።

ሰይፈ፦ ምኑ ነው የሚያስቀው?

አስካለ፦ ቀዩስ? ቀይ ማኅተም የለህም?

ሰይፈ፦ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

አስካለ፦ አንተ ጋ ነዋ የሌለው! ደህና ደህናውን ቀይ እየመታን ለሬዲዮ እንልክ ነበር። ከፋብሪካ ተበላሽቶ የመጣውን፣ መርፌ የሚያዘልለውን ደግሞ ሰማያዊ መትተን ለቡና ቤት በነፃ እንበትናለን። የሰከረ ሰው ዘለለ አልዘለለ ምን ያውቃል?

ሰይፈ፦ ከተበላሸች ታዲያ ምን ሊሰሙ መጡ?

አስካለ፦ ብትቆራረጥም የእህቴ ድምፅ ነው። ላንተ ነው እንጂ የማይሆንህ። ሠላሳ አንድ ውዳቂ በጓንት ስታሻሽ ኖርክ፣ አያሳዝንም?

ሰይፈ፦ ውሸት ነው!

አስካለ፦ በምን አወቅህ? አጫውተህ ታውቃለህ?

ሰይፈ፦ እኔ… ለማጫወት አይደለም የምሰበስበው!

አስካለ፦ እሱማ አየሁ። ነገ ከማኅበሩ አንዱ “እስቲ አሰማን” ቢልህስ? እፊታቸው ብትንተባተብብህስ? እኔም በርህ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዳቸው ነው የምነግራቸው።

ሰይፈ፦ አትዘልም አልኩዎት!

አስካለ፦ አሳየኛ።

ሰይፈ፦ እሺ! አንድ ጊዜ አጫውቼ አፍዎን አስዘጋዎታለሁ። ከዚያ ቤቴን ለቀው ይወጡልኛል።

አስካለ፦ እወጣለሁ። ጓንቱን ግን አውልቅ፣ መርፌው እንዳይንሸራተትብህ።

ሰይፈ፦ ይኸው! ያዳምጡ… መግቢያው አልዘለለም። ሰሙ? ሳክስፎኑም ጥርት ያለ ነው። የታለ ዝላዩ? ኧረ ምንም አልሆነችም! ቆይ… ቀይ ማኅተም የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው? ሴትዮ፣ ዋሹኝ እንዴ?

አስካለ፦ ዝም በል አንተ! እህቴ ጀመረች።