በጠርሙስ ውስጥ የተሠራው ደመና

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆቼ፣ ይሄ አሁን የተቀመጥንበት ሲ.ኤም.ሲ ባዶ ሜዳ ነበር። የኛ ቤት እላይ ነው፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ። አባቴ ባህር ዛፍ እየቆረጠ ይሸጣል፣ እኔ ዳገቱን ወርጄ እማራለሁ። ታዲያ ፊዚክስ የሚያስተምረን ታምራት የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር፣ እና ይሄ ሰው ስለ አንድ የስኮትላንድ ሊቅ ማውራት ከጀመረ ደወል እንኳ አይሰማ! ደመና የሚያጠና ሊቅ፣ ደመና! እኛ «ደመናው ሰውዬ» ነበር የምንለው።

አንድ ቀን አባቴ «ይበቃታል፤ ማንበብ መጻፍ ካወቀች ምን ቀራት? ሽማግሌም ተልኮባታል» አለ። አለቀስኩ። ሄጄ ለመምህሬ ነገርኩት። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማግስቱ ያንን ዳገት እያለከለከ ወጣልና! በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው የብስክሌት መንፊያ!

አባቴ በር ላይ ቆሞ «መምህር፣ ጎማ ሊነፉልኝ ነው?» አለው።

«የለም አባቴ፣ ደመና ላሳይዎት ነው።»

«ደመናማ እዚህ ሞልቶኛል!»

ታዲያ መምህሬ ምንም ሳይከፋው ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ውሃ አደረገ፣ የክብሪት ጭስ አስገባ፣ በቡሽ ደፈነና የመንፊያውን ጫፍ ቡሹ ውስጥ ሰክቶ ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ፣ እና ቡሹ ጧ! ብሎ ሲወጣ ጠርሙሱን ነጭ ጉም ሞላው። አባቴ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከዚያ ተመልሶ ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ ለጠፈ።

«በዚህ ነገር የታወቀው የስኮትላንድ ሊቅ የበግ አርቢ ልጅ ነው» አለው መምህሬ። «ገና በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተበት፣ ወንድሙ አስተማረው። በወጣትነቱ ተራራ ወጥቶ፣ ጥላው ጉሙ ላይ ሲያርፍ ባለቀለም ቀለበት ሲከበው አየ። ያንን እኔም እሠራለሁ ብሎ ወረደ። ደመናውን የሚሠራበትን የብርጭቆ ዕቃ በራሱ እጅ እያበጀ፣ ሲሰበርበት እንደገና እየጀመረ ስንት ዓመት ለፋ መሰለዎት! በኋላ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች የሄዱበትን ፈለግ ደመናው ውስጥ አሳየ፣ ዓለምም ሸለመው።»

አባቴ ጠርሙሱን ትቶ ቀና አለ። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ። እና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀለበቱን እኔም አይቼዋለሁ» አለ።

ስሙኝ እንግዲህ! እናቴ እንኳ አታውቅም!

«ማለዳ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ጉሙ ከታች፣ ፀሐይ ከኋላዬ። የጥላዬ ራስ ላይ እንደ ቅዱሳን አክሊል ሆኖ። አበደ እንዳልባል ለማንም አልተነፈስኩ።»

መምህሬ እጁን ያዘው። «አላበዱም አባቴ። እርስዎ ያዩትን ነው ያየው። እሱ ግን የሚያስተምረው ሰው አገኘ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረና «በይ፣ ነገ ትሄጃለሽ» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ሽማግሌዎቹንም «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» ብሎ መለሳቸው።

እና ተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ፊዚክስ አስተማርኩ። ያ ሊቅ እንጦጦ የሚባል ተራራ መኖሩንም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ግን ልፋቱ ባህር አቋርጦ፣ ዳገት ወጥቶ፣ የአንድ እንጨት ቆራጭን ልብ አራራ። ትልቅ ሰው ማለት ለኔ እንዲህ ነው፤ እናንተ ከሱ የሚበልጥ ካላችሁ እስቲ አምጡ! ሃ ሃ ሃ!